በማለዳ የተወሰደ ሕልም

አምና ከፋሲካ በኋላ አንዲት ፈረንሳዊት ተመራማሪ ሰቆጣ መጥታ የሰው ሕልም ትሰበስብ ነበር። ወደ ሰፈራችን ያስገባኋት እኔ ነኝ። ስለዚህ የሆነውን ስጽፍ ከራሴ እጀምራለሁ፤ የራሴን ጥፋት ሌላ ሰው ላይ ጭኜ መሄድ አልወድም።

ሴትዮዋ ረጅም ናት፣ አርባ ዓመት ሳይሞላት አይቀርም፣ የእኛ ፀሐይ አፍንጫዋን ልጦታል። አስተርጓሚዋ የልጄ ልጅ ነበረች፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ እስኪገኝ እኔ ዘንድ የተቀመጠች። ፈረንጇ ቤቴ የመጣች ቀን የምታጠናውን ነገር ጠየቅኋት። ሳልጠይቅ ሰው ጎረቤቶቼ ዘንድ አላስገባም።

ብረታኝ የሚባል አገር አለ አለችኝ፤ በፈረንሳይ ምዕራብ፣ መሬቱ ባሕር ላይ የሚያልቅበት። የአያቷ ቋንቋ ብረቶንኛ ነው። አያቷ ልጅ ሳለች ትምህርት ቤት ውስጥ ብረቶንኛ የተናገረ ይቀጣ ነበር። አያትየዋ ቅጣቱን አልረሳችም፤ ልጇን በፈረንሳይኛ ብቻ አሳደገች። ይህች የልጅ ልጅ ቋንቋውን የተማረችው ካደገች በኋላ ከመጽሐፍ ነው።

«አሁን አገሬ ገብቼ ብናገረው ሽማግሌዎቹ እንደ እንግዳ ያዩኛል» አለች።

ሌላም ጥናት ነበራት። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ፓሪስ ውስጥ ሱሪያሊስት የሚባሉ ጸሐፊዎች ተነሥተው ነበር። እውነቱ ያለው ሕልም ውስጥ ነው ይላሉ። ሰው እንደነቃ፣ አእምሮው ሳያርመው፣ ያየውን እንዳለ መጻፍ አለበት ይላሉ።

«እነሱ ሕልማቸውን ሁሉ የጻፉት በፈረንሳይኛ ነው» አለች ፈረንጇ። «አያቴ ግን የምታልመው በብረቶንኛ ነበር። የሷን ማን ጻፈው?»

ይህ ጥያቄ ልቤን ያዘው። የእኔም አፍ መፍቻ የሰቆጣው ቋንቋ ኽምጣንጋ ነው። ልጆቼን ግን ትምህርት ቤት እንዳይሳቅባቸው ብዬ በአማርኛ ብቻ አሳደግኋቸው። የልጄ ልጅ ኽምጣንጋ ስናወራ ትሰማለች፤ ስትመልስ በአማርኛ ነው። ስለዚህ ለሰፈሩ ሴቶች «ይህች የእኔ እንግዳ ናት፣ የኽምጣንጋ ሕልማችሁን ንገሯት» አልኳቸው። በእኔ ቃል በራቸውን ከፈቱላት።

አሠራሯ እንዲህ ነበር። ጎሕ ሲቀድ፣ ያለመው ሰው ከማንም ጋር ሳይነጋገር፣ እሷና የልጄ ልጅ ይገባሉ። መቅረጫዋን መካከል ታስቀምጣለች። ሰውየው ይናገራል። እነሱ ቃል አይተነፍሱም፣ ራሳቸውንም አይነቀንቁም። ሰሚው ቃል ከጨመረ ሕልሙ ይበላሻል ትላለች።

እኛ ዘንድ ሕልም እንዲህ አይነገርም። ተናጋሪው «ሕልም አየሁ» ሲል ሰሚው ቀድሞ «ደግ ይሁን» ይላል። ሲጨርስም በመልካም ይፈታለታል። ሕልም መጀመሪያ በፈታው አፍ መንገድ ይሄዳል ብለን እናምናለን። ስለዚህ ለሚጠላን አንነግርም፣ ለዝምተኛም አንነግርም። ይህን እያወቅሁ ዝም አልኩ። የትምህርት ነገር ነው፣ ምን ይጎዳል አልኩ።

ከአጥር ማዶ ያለችው ጎረቤቴ አንድ ልጅ ነበር ያላት። ሳዑዲ እሠራለሁ ብሎ በበረሃ ወጣ። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከባሕሩ ዳር፣ ጀልባ ከመሳፈሩ በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ሰባት ወር ድምፁ የለም። አንድ ሐሙስ ጠዋት ልጇን በሕልሟ አየች፤ ራሷ ልካ አስጠራቻቸው። ሁለቱ ገቡ፤ ትንሽ ቆይተው ወጡ።

እኔ ግቢዬ ውስጥ ምስር እየለቀምኩ ነበር። አንዲት ሴት በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣

«እትየ፣ እርስዎ እዚህ ምስር ይለቅማሉ? መርዶ ገብቶ የለም እንዴ!» አለችኝ።

«የማን መርዶ?»

«የዚያ ልጅ። ፈረንጇ ናት አሉ ይዛው የመጣችው። ከኤምባሲ የሟቾች ዝርዝር ሰጥተዋት ነው አሉ።»

ሰፌዱን ጥዬ ተነሣሁ። ነገሩ ወዲያው ነው የገባኝ። መርዶ በማንኛውም ሰዓት አይነገርም። ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው እህል ሳይቀምስ፣ ጥቂት ሆነው በዝምታ ገብተው ነው የሚያረዱት። ሰፈሩ ያየውም ይህንኑ ነው፤ በማለዳ ወረቀት የያዘች ፈረንጅ፣ አንገቷን የደፋች የተማረች ልጅ፣ ሲወጡም ቃል የለም። ምን ብለው ያስቡ?

ስደርስ ግቢው በሴት ሞልቷል። ጓሮ ውስጥ የለቅሶ ንፍሮ ተጥዷል። ደጃፉ ላይ የቅሬያችን ጥሩምባ ነፊ ቆሟል። ቅሬ ስንል ሰው ሲሞት ድንኳን የሚያወጣውን ማኅበራችንን ነው። የእሱ ጥሩምባ አንድ ጊዜ ከተነፋ ማንም መልሶ አይውጠውም።

«እትየ፣ ልንፋ ወይስ ልቆይ?» አለኝ። «ዘመዶቿ ራቅ ብለው ፃግብጂ ናቸው፤ ሰው ልላክባቸው ካልኩ አሁን ነው።»

«ማን ሞተ ብለህ ነው የምትነፋው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሰው ነገረኝ።»

«የትኛው ሰው? ጥራልኝ።»

ወዲያ ወዲህ ተመለከተ። የሚጠራው ሰው አጣ።

«እኔ እስክመለስ ያ ነገር ከንፈርህን እንዳይነካ» አልኩት።

«እሺ እትየ። ግን ይፍጠኑ፤ የማዶው ቅሬ ሰምቶ ከቀደመኝ ዕድሜ ልኬን ነው የሚሥቁብኝ።»

ገባሁ። ጎረቤቴ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። አላለቀሰችም፤ ዓይኗ ደረቅ ነው፤ እሱ ነው ያስፈራኝ። ካለቀሰች ደረቷን ትመታለች፣ ሰፈሩ ሁሉ ይከተላታል፣ ልጁ ቢኖርም በእናቱ ቤት ሟች ይሆናል።

«እትየ፣ አውቀው ነው ያስገቡብኝ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«መርዶውን።»

«መርዶ የለም። ሴትዮዋ ሕልም ከመልቀም ሌላ ሥራ የላትም።»

«ታዲያ ልጅቱ ለምን ዝም አለችኝ? ሕልሜን ነገርኳት። ጨርሼ ፊቷን አየሁት። አቀረቀረች። የተማረች ናት፣ ፈረንጇ የምታውቀውን ታውቃለች። ደግ ነው ማለት ያቃታት ምን ብታውቅ ነው?»

«ሕልሙን ለእኔ ንገሪኝ፣ እኔ እፈታዋለሁ።»

«ሁለተኛ ከአፌ አይወጣም» አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ሁለቱ ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው የዚያን ጠዋት ቃል ይጽፋሉ።

«መቅረጫውን ክፈችው» አልኳት የልጄን ልጅ።

«እማየ፣ ሌላ ሰው መስማት አይፈቀድም።»

«ውጭ ጥሩምባ ሊነፋ ነው! ክፈችው!»

ከፈተችው። የጎረቤቴ ድምፅ ወጣ። ልጇ ከተከዜ ማዶ ቆሟል። ነጭ ልብስ ለብሷል፤ ልብሱ ውሃ ያንጠባጥባል። ትጠራዋለች፣ አይዞርም። በመጨረሻ ይዞርና ይናገራል፤ የሚናገረው ግን በማታውቀው ቋንቋ ነው። ከዚያ ዝምታ። መቅረጫው ዝምታውን ሁሉ ይዞታል፤ የሷ ትንፋሽ ይሰማል፣ መልስ ስትጠብቅ።

እውነቱን ለመናገር፣ ነጭ ልብስ ስሰማ መግነዝ ነው የታየኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

ለፈረንጇ ሰፈሩ ያሰበውን ነገርኳት፤ የልጄ ልጅ ተረጎመችላት። ፈረንጇ ቀላች። ዜና እንዳላመጣች ሄዳ ለመናገር ተስማማች፤ ሕልሙን መፍታት ግን እንቢ አለች።

«ፍቺ ከሰጠሁ ጥናቴ ሁሉ ይፈርሳል» አለች። «እኔ የመጣሁት ለመስማት ነው።»

«ሕልሟን ወሰድሽ። በምትኩ ምን ሰጠሻት?»

የምታጽናናኝ መስሏት ይመስለኛል፣ የአገሯን ነገር አወራችኝ። በብረታኝ አንዲት ደሴት ላይ ባሕር የበላው ሰው ሬሳው ሳይገኝ ሲቀር፣ ቤተ ሰቡ ትንሽ የሰም መስቀል ሠርተው፣ ሌሊቱን አልቅሰው፣ በሱ ፈንታ ያን ይቀብሩ ነበር። እናቶቹ በዚያ ያርፉ ነበር አለች።

«እዚያ ቤት ይህን ትተነፍሽና!» ጮህኩ። «ልጇን በሰም ልትቀብሪባት ነው?»

«እማየ፣ ክፉ አስባ አይደለም» አለች የልጄ ልጅ። ከዚያ ድምጿ ወረደ። «ደግሞ ጥፋቱ የሷ ብቻ አይደለም። ደንቡ ዝም በሉ ይላል፣ አዎ። ግን ያንን ፊቷን ሳይ ደንቡን ልጥሰው ነበር። ደግ ይሁን የሚለው በኽምጣንጋ ምን እንደሚባል አላውቅም። እሷ ያን ሁሉ በኽምጣንጋ ነግራኝ እኔ በአማርኛ ልመልስላት አፈርኩ። ለዚያ ነው ያቀረቀርኩት።»

ያንን ቃል ሊያስተምራት የሚገባ ሰው እኔ ነበርኩ።

ሦስታችንም ሄድን። ጥሩምባ ነፊው ደጃፉ ላይ እየተንቆራጠጠ ነው። ሴቶቹ ተከትለውን ወደ ውስጥ ገቡ። ፈረንጇ በሰባራ አማርኛዋ «እኔ ወሬ የለኝም። ኤምባሲ አይደለሁም። ተማሪ ነኝ» አለች። አንዲት ሴት «ይህን ያህል ዕድሜ ተማሪ?» ብላ አጉረመረመች። ጥቂቶች ሣቁ። ጎረቤቴ ግን ነጠላዋን አልነካችም።

እኔ ቀጠልኩ፤ «ሕልሙን ከመቅረጫው ሰምቼዋለሁ። ልፍታልሽ።»

«እርስዎ አይችሉም። የነገርኩት ለልጅቱ ነው። ደግ ከሆነ ከሷ አፍ ይውጣ። እርስዎም ቃል እንዳያቀብሏት፤ ካቀበሏት የእርስዎ ነው እንጂ የሷ አይደለም።»

ትክክል ነበረች። ትክክል የሆነ ነገር ደግሞ በእኔ ላይ ሲመጣም ትክክል ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገርኩ፤ ልጅቱ ዝም ያለችው ክፉ አውቃ ሳይሆን ቋንቋው ስለጎደላት ነው፣ ያጎደልኩባትም እኔ ነኝ፣ ፈረንጇን ወደዚህ ሰፈር ያስገባኋትም እኔ ነኝ አልኩ። ፊቴ ነደደ። አንዲት አሮጊት «እኛስ? የማንኛችን ልጅ ነው የሚናገረው?» አለች።

የልጄ ልጅ ጎረቤቴ ፊት ተንበረከከች። ፈረንጇ መቅረጫዋን ልትደብቅ ስትል ጎረቤቴ እጇን ያዘቻት።

«ክፈችው። ሕልሜን የዋጠ እሱ ነው፤ ፍቺውንም ይዋጥ።»

ፈረንጇ ወደ እኔ አየች፣ ከዚያ ከፈተችው።

ልጅቱ ጀመረች፤ በኽምጣንጋ። እንደ ሕፃን ነበር የምትናገረው። ቃል ሲያጥራት ትቆማለች፣ ላብ በግንባሯ ይወርዳል፣ እኔ ምላሴን ነክሼ መሬት መሬት አያለሁ። ልብሱ የራሰው ውሃውን ስለተሻገረ ነው አለች። ባይሻገር ወዲህ ማዶ ይቆም ነበር፤ እሱ ግን ወዲያ ማዶ ነው። ነጩ የበዓል ልብስ ነው። እናቱ ያላወቀችው ቋንቋ ደግሞ የደረሰበት አገር ቋንቋ ነው፤ ሰው የሰው አገር ቋንቋ የሚለምደው በሕይወት ሲሠራ ነው። መግነዝ ብቻ ለታየኝ ለእኔ ይህ ሁሉ አልመጣልኝም ነበር።

ስትጨርስ ጎረቤቴ ወደ ፈረንጇ ዞረች። «አንችስ? አንችም ሰምተሻል።»

ፈረንጇ ጥቂት ቃል ተናገረች፤ ፈረንሳይኛ አልመሰለኝም።

«ምን አለች?»

«እኔም አልገባኝም» አለች የልጄ ልጅ። ጠየቀቻትና፣ «በአያቷ ቋንቋ ነው። በሰላም ወደ ቤቱ ይግባ ማለት ነው አለች።»

ጎረቤቴ ይህንንም ተቀበለች፤ አሁንም ግን አልተነሣችም። ዓይኗን እኔ ላይ ተከለች።

«እትየ፣ እርስዎ አይዋሹኝም። ያምኑታል?»

ሰው ሁሉ እኔን አየ። ያ ነጭ ልብስ ከዓይኔ አልጠፋም ነበር። አምናለሁ ብል ውሸት ነው፤ አላምንም ብል ደግሞ ጥሩምባውን በአፌ መንፋቴ ነው።

«እኔ ያየሁት የለም» አልኳት። «ሞቷል የሚሉሽም ያዩት የለም። ምስክር ሳይቆም ሰው ላይ ሲፈረድ ዝም ብዬ አይቼ አላውቅም፤ በልጅሽ ላይም አላይም። ምስክር የመጣ ቀን አብሬሽ መሬት እቀመጣለሁ። እስከዚያ ማንም በሞት አይፈርድበትም፤ አንችም ጭምር።»

ጎረቤቴ በሁለት እጇ ነጠላዋን ከትከሻዋ አንሥታ ገለበጠችው፤ ጥለቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች። ጥሩምባ ነፊውን «አንተ፣ ሥራ የለህም?» አለችው። እሱም ጥሩምባውን ጋቢው ውስጥ ሸጉጦ ሄደ።

«ንፍሮውን የጣደው ማን ነው?» ብላ ጮኸች ወደ ጓሮ። «ያመጣ ይዞ ይውጣ! በዚህ ቤት ለቅሶ የለም።»

ሁለት ሴቶች ያልበሰለውን ንፍሮ ከነድስቱ ተሸክመው፣ ውሃው እግራቸው ላይ እየፈሰሰ፣ በጓሮ በኩል ወጡ። ይህን ስጽፍ ልጁ ገና አልደወለም።