መብራቱን ስመረምር

እንዲህ ያለ መብራት ሲመጣልኝ ዘንድሮ ብቻ ሦስተኛዬ ነበር። የመጀመሪያውን ያመጣው ሰው የምሠራበት መድኃኒት ቤት ውስጥ የነበረው ደንበኛ ሁሉ እስኪወጣ ጠብቆ «ለጓደኛዬ ነው» አለኝ። ሁለተኛዋም ለጓደኛዋ ነበር። ሄርፐስ የሚባለው በሽታ ድሬዳዋ ውስጥ የሚይዘው የሰው ጓደኛ ብቻ ነው። ዕቃውም ያው አንድ ዓይነት ነው፤ የከንፈር ቀለም የሚያክል፣ ሲጫኑት ቀይ ብርሃን የሚሰጥ፣ ካርቶኑ ላይ «ከሥሩ ይነቅላል» የሚል። አይነቅልም እላለሁ። ያዝናሉ፤ በመሣሪያው ሳይሆን በእኔ።

ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የፋርማሲ ዲፕሎማዬን ስቀበል ፀጉሬ መሸበት ጀምሮ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው የሳሙና መጠቅለያ እንኳ ሳያነብ አይጥልም። ሰፈሩ ይህን ስለሚያውቅ ያልገባውን ጽሑፍ ሁሉ ይዞ በሬን ያንኳኳል። ደክሞኛል ማለት እስካሁን አልለመድኩም።

ሦስተኛውን ያመጣችው ጎረቤቴ ናት። ግድግዳ እንጋራለን። መልካ ጀብዱ እየወረደች ልብስ ትሸጣለች። እናቷ ሶማሌ ስለነበሩ እኔን «አባዮ» ነው የምትለኝ፣ እህቴ ማለቷ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ፊቷን በሻሽ ጠቅልላ፣ አንድ ዓይኗን ብቻ አስቀርታ መጣች።

«ምች መታኝ፣ አባዮ። ምሳ በልቼ ፀሐይ ላይ ቆሜ።»

«ዳማከሴ አላደረግሽም?»

«አድርጌ ጠረኑ ብቻ ቀረኝ። የእህቴ ልጅ ከጅቡቲ ያመጣችው ይኼ አለ። ሥዕሉን እዪው፣ ምች አይደለም?»

«ፀሐይ መታኝ ብለሽ መብራት ልትሞቂ?»

«እሾህን በእሾህ ነው፣ አቦ!»

ካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል እውነትም ምች ነው፤ ውሃ የቋጠረ ከንፈር። እኛ ምች ብለን ከፀሐይ ጋር የምናጣላው የከንፈር ቁስል አብዛኛውን ጊዜ ሄርፐስ ነው። ሳላነብ እንዳትነካው ነገርኳትና ዕቃውን ተቀበልኩ። ምች የመታው ሰው ተሸፈን ይባላል እንጂ ተገለጥ አይባልም። እኔም የተማርኩት ሴትዮ «ነፋስ እንዳይገባሽ» ብዬ ሻሿን በእጄ አጠበቅሁላት።

ቀኑን ሙሉ አነበብኩ። ካርቶኑ የሚለው የብርሃን ልክና ውስጡ ያለው ወረቀት የሚለው አይገናኙም። «ከሕክምናው በፊት» እና «በኋላ» የተባሉት ፎቶዎች የሁለት ሰው ናቸው፤ አንደኛዋ አገጭዋ ላይ ማርያም የሳመቻት ምልክት አላት፣ ሌላዋ የላትም። መዳፌ ላይ ባበራው ለብ አለኝ፣ ሌላ ምንም። መሣሪያውን ላለመበደል ጥቂት ማስታገስ ይችል ይሆናል ብዬ ጻፍኩ። ቫይረሱ ግን ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ስለሚተኛ ከቆዳ ላይ የሚበራ መብራት ከሥሩ ሊነቅለው አይችልም። አንድ ገጽ ሞላ። የተሰረዘበትን ስላልወደድኩት በንጹሕ ወረቀት ላይ ገለበጥኩት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«መብራቱን እኮ አልነካሁትም። ታዲያ ዓይኔን ምንድን ነው የሚያቃጥለኝ?»

ያኔ ነው ሻሹን የገለጥኩት። ከንፈሯ ላይ ምንም የለም። ውሃ የቋጠረው ግንባሯ ነበር፣ በግራ በኩል ብቻ፤ መሐል ላይ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከዚያ በዓይን ሽፋኗ በኩል ወርዶ የአፍንጫዋ ጫፍ ደርሷል። አልማዝ ባለጭራ ነው። ከከንፈሩ በሽታ ጋር የአንድ ዘር ቢሆንም አመሉ ሌላ ነው፤ አፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ደግሞ ለዓይን ያሰጋል፣ መድኃኒቱም በቶሎ ካልተጀመረ ጉልበቱ ያንሳል። ይህን ለፈተና ሸምድጄዋለሁ።

ወደ ዓይን ሐኪም ለመሄድ ከከዚራ ባጃጅ ይዘን በደቻቱ ድልድይ ተሻገርን። ሻሿን ድጋሚ ልትጠቀልል ስትል እጇን ያዝኩ። «ነፋስ አይገባኝም?» አለችኝ። ሻሹን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ማን እንደሆንኩ ነግሬያታለሁ። የጎረቤቴን ዓይን በመሣሪያ እያየች «መቼ ጀመረሽ?» አለች።

«ሐሙስ።»

«ፋርማሲ የምትሠራ ጎረቤት እያለችሽ ትናንት እንኳ ለምን አልመጣሽም?»

አፌን ስከፍት ጎረቤቴ ቀደመችኝ። «አባዮ እያነበበችልኝ ነበር» አለች፣ ልታስመሰግነኝ። ሐኪሟ ዞር ብላ አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ክኒኑ በቀን አምስት ጊዜ ነው፤ ሰዓቱን ጠብቄ እኔ አስዋጥኳት። ቁስሉ ደርቆ ረገፈ፣ ዓይኗም አልጠፋም። ብሌኑ ላይ ግን ትንሽ ጠባሳ ቀረ። ጥቂት ቀደም ብላ ብትመጣ ይቀር ነበር ወይ ብዬ ሐኪሟን ጠየቅኋት። «ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ መልስ ፍለጋ መጽሐፎቼን ገልጬ ነበር፤ እነሱም ከዚያ አያልፉም።

ሐኪሟ ያዘዘችው የዓይን ጠብታ አልተቋረጠም። ማታ ከሥራ ስገባ ደጃፏ ላይ ትጠብቀኛለች፤ ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ከድና በግራው ታየኛለች።

«ዛሬም ጭጋግ ለብሰሻል፣ አባዮ።»

«ድሬ ደግሞ ጭጋግ ከየት አምጥታ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንቺ ላይ አለ።»

ትስቃለች። እኔ እጄን ታጥቤ ራሷን ወደ ኋላ ዘንበል አደርግና አንድ ጠብታ አደርግላታለሁ።