ሦስት ሰው የሚይዝ ታንኳ

ግንቦት 14 ቀን፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አራት አባላት ያሉት ኮሚቴ እኔ በሣልኩት ታንኳ ላይ ስድስተኛ ሰው እንዲጨመር በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ታንኳው የሚይዘው ሦስት ሰው ነው። ዓሣ ከተጫነበት ሁለት።

ይህን ለኮሚቴው ተናግሬያለሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ አልሰፈረም።

ያኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ጋምቤላ ክልል ከተባለች ገና ጥቂት ዓመቷ ነበር። ቢሮዎቹ አዲስ፣ ወንበሮቹ አሮጌ ነበሩ፤ በየበሩ የተለጠፈው የኃላፊነት ስም በእስክሪብቶ የተጻፈ ነው። እናቴ ከደጋ ተመድባ የመጣች የሆስፒታል ነርስ ናት፤ እኔ የተወለድኩት እዚያው ነው። የውድድሩ ማስታወቂያ ከአዲስ አበባ የደረሰን መጋቢት ውስጥ ነበር። መንግሥት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሥዕል ውድድር አዘጋጅቷል፤ ተማሪው በሚኖርበት አካባቢ በዓይኑ ያየውን የዕለት ኑሮ ይሥላል፤ ከየክልሉ አንድ ሥዕል ይላካል፤ አሸናፊዎቹ ክረምቱን አዲስ አበባ ሥዕል ይማራሉ። ማስታወቂያውን ደብተሬ ላይ ገልብጬው ስለነበር «በዓይኑ ያየውን» የሚል እንደነበረበት እርግጠኛ ነኝ።

ያንን ክረምት ፈልጌው ነበር። ትምህርት ቤታችን የሥዕል መምህር አልነበረውም። እስከዚያ ድረስ የሣልኩት ሁሉ እናቴ ከሥራ ቦታ ይዛልኝ በምትመጣው የመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ ነው። የሰው ትከሻ ለምን እንደሚጣመምብኝ አላውቅም፤ የሚነግረኝም አልነበረም። የሚያውቅ ሰው እጄን ይዞ እንዲያርመኝ ብቻ ነበር የምፈልገው።

ለመሣል የመረጥኩት ባሮ ወንዝ ዳር፣ ከድሮው ወደብ መጋዘን ወረድ ብሎ፣ መረብ የሚጥሉ አንድ የአኝዋክ ሽማግሌን ነው። እጃቸውን የዓሣ እሾህ ወግቷቸው እናቴ አክማቸው ስለነበር ያውቁኛል፤ «የነርሷ ልጅ» ይሉኛል። ልሣልዎት ስላቸው መረባቸውን ሳያስቀምጡ ጠየቁኝ።

«ታንኳውንም?»

«ታንኳውንም።»

«ይሄንንም?»

ጣታቸውን ያሳረፉት በታንኳው ግራ ጎን በተመታ ቆርቆሮ ላይ ነበር። ታንኳው ከአንድ ግንድ የተቦረቦረ ነው። ጉማሬ ሰንጥቆባቸው፣ የዘይት ቆርቆሮ ቀጥቅጠው፣ በምስማርና በሬንጅ ራሳቸው ጥፈውታል።

«ሰው ሁሉ ይሰምጣል አለ» አሉኝ። «ሳቀ። ሁለት ክረምት ሄደ። ማን ሰመጠ? ይሄ ቆርቆሮ ከሌለ የእኔ ታንኳ አይደለም። የሌላ ሰው ነው። የሌላ ሰው ከሆነ አልቀመጥም።»

«እሥለዋለሁ፣ አባባ። ቃሌ ነው።»

አምስት ቀን፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ሣልኳቸው። እሳቸው ሥራቸውን አላቋረጡም፤ እኔ ነኝ ከዳር ዳር እየተከተልኩ የምሥለው። ሥዕሉ ሲያልቅ አንድ ሰው፣ አንድ ታንኳ፣ አንድ መረብ፣ ቡናማ ውሃ ነበር። ቆርቆሮው ግራጫ ነው፤ የምስማሮቹን ራስ እንኳ አንድ በአንድ አውጥቻቸዋለሁ። ሳሳያቸው ጎንበስ ብለው ምስማሮቹን ቆጠሩ። ዘጠኝ። ልክ ነው አሉ።

ከዚያ ሥዕሉ ከክልሉ የሚላከውን ወደሚያጸድቀው ኮሚቴ ሄደ።

ውድድሩን በትምህርት ቤታችን በኩል እንዲከታተሉ የተመደቡት የጂኦግራፊ መምህራችን ነበሩ። የተመረጡት ካርታ ስለሚሥሉ ነው። ግንቦት 7 ቀን ወደ ክልሉ ቢሮ አብረን ገባን። ሰብሳቢው ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ መነጽሩን አደረገ።

«እጅሽ ጥሩ ነው» አለኝ። «ሰውየው ግን ለምን ብቻውን ሆነ?»

«ዓሣ የሚያጠምዱት ብቻቸውን ስለሆነ ነው።»

«ክልላችን ውስጥ ስንት ብሔረሰብ አለ?»

«አምስት።»

«ታንኳው ላይስ?»

መምህሬ በጠረጴዛው ሥር ጫማዬን ረገጡት። ሌሎቹን ወንዙ ዳር አቁሜ ልሣላቸው እችላለሁ አልኩ። ጥሩ መፍትሔ መስሎኝ ነበር። ከሰብሳቢው ቀጥሎ የተቀመጠው አባል ግን ፊቱን አዞረ።

«የእኛ ሰዎች ዳር ቆመው ሊያዩ? መሻገር አያምራቸውም?»

«ሁሉም ይሳፈሩ» አለ ሰብሳቢው። «ታንኳ አይደል? ለመሳፈር ነው የተሠራው።»

አራት ሰው ጨመርኩ። ቦታ ስላልነበረ መረቡ ወጣ። መረቡ ሲወጣ ሽማግሌው እዚያ ምን እንደሚሠሩ የሚያስረዳ ነገር አልቀረም።

ረቡዕ ግንቦት 14 ተመልሰን ስንሄድ ታንኳው አፉ ድረስ ሞልቶ ነበር። ሦስተኛው አባል ግን የጎደለ አገኘ።

«ከደጋ የመጣው ሕዝብስ? ሠፋሪው? መምህሩ?» ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ሳቀ። «ነርሷስ? አንቺ ልጅ፣ እናትሽን ወንዝ ዳር ጥለሻት ልትሄጂ ነው?»

ሁሉም ሳቁ። መምህሬም ሳቁ። በሙሉ ድምፅ የተወሰነው ያኔ ነው።

ቀጥሎ ከፊት የሚቀመጠው ማን ነው የሚለው መጣ። በዚህ ላይ ሃምሳ ደቂቃ ወሰዱ፤ የግድግዳው ሰዓት ከፊቴ ስለነበር አውቃለሁ። አንዱ በፊደል ተራ ይሁን አለ። ሌላው በየትኛው ፊደል ሲል ጠየቀ። ሻይ መጣ። ከሻይ በኋላ ሰብሳቢው ሁሉም ጎን ለጎን ሆነው ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ እንዲያዞሩ ሐሳብ አቀረበና አለቀ።

«ጋሼ፣ ሰው እንደዚያ ከተቀመጠ ታንኳው ይገለበጣል» አልኩ።

«ሥዕል ላይ ታንኳ አይገለበጥም» አለኝ።

ይህንንም አልጻፉትም። ከዚያ ወዲህ በሥራዬ ብዙ ስብሰባ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ማስታወሻ እየያዝኩ፣ የተባለውን በተባለበት ቃል እየጻፍኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ነገር አንድም ሰው ወደ ውጭ ወጥቶ ሳያየው ግማሽ ቀን የሚወያዩ ሰዎችን ባየሁ ቁጥር ያ ክፍል ትዝ ይለኛል። ባሮ ከዚያ ቢሮ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም።

መቅዘፊያውም ጉዳይ ነበር። አንዱ ሠራተኛ፣ ሌላው ተሳፋሪ መምሰል የለበትም ተባለ። ስለዚህ ስድስት መቅዘፊያ። ውሃው ደግሞ ሰማያዊ መሆን አለበት። ባሮ በግንቦት ሰማያዊ አይደለም፤ ከላይ ዝናብ ከጣለ ቀለሙ እንደ ሸክላ ነው። ለትምህርት ቤቱ ከደረሰው የውሃ ቀለም ሳጥን ውስጥ እስከዚያ ያልተነካው ሰማያዊው ነበርና እሱን ጨረስኩት።

ሰኞ ግንቦት 19 ሦስተኛው ስብሰባ ሆነ። ሥዕሉ አዲስ አበባ መድረስ ያለበት እስከ ግንቦት 22 ነው። ይህን መምህሬ ሁለት ጊዜ ተናገሩ። ኮሚቴው ሁሉም ሰው ንጹሕ ልብስና ጫማ እንዲኖረው አስተካከለ። እሺ አልኩ። እስከዚያ እሺ ያልኩበትን ሁሉ በልቤ እየቆጠርኩ ነበር፤ አንድ ነገር እስካልነኩብኝ ድረስ እሺ እላለሁ ብዬ ነው የገባሁት።

እስከዚያ ቀን አንድ ቃል ያልተናገረው አራተኛው አባል ጣቱን አስቀመጠበት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጥገና ነው። ቆርቆሮ።»

«ቀዳዳ ነበረው ማለት ነው?»

«ነበረው። አሁን የለውም።»

«እንግዲህ ስድስቱንም ሕዝብ በተጣፈ ታንኳ ላይ አስቀምጠን አዲስ አበባ ልንልክ ነው?» ወደ ሰብሳቢው ዞረ። «ምን ይሉናል?»

«ሰውዬው ራሳቸው ናቸው የጣፉት» አልኩ። «ይሣልልኝ ያሉትም እሱን ነው። ቃል ገብቼላቸዋለሁ። እሱ ከወጣ ሥዕሉን አልሰጥም።»

መምህሬ ይቅርታ ጠይቀው ወደ ኮሪደሩ ይዘውኝ ወጡ።

«ቲቸር፣ ዘጠኝ ምስማር ነው ያለው፤ ቆጥረውታል» አልኳቸው። ለምን ይህን እንዳልኩ አላውቅም።

«ክረምቱን ትፈልጊዋለሽ ወይስ አትፈልጊውም?»

«እፈልገዋለሁ።»

«ቡናማው ቀለም አላለቀም» አሉኝ፤ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ አልነበረም።

በሙቀቱ ምክንያት ቢሮው ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይዘጋል። ኮሪደሩ ላይ፣ አንድ ጣሳ ውሃ አጠገቤ አድርጌ፣ ቆርቆሮውን በቡናማ ሸፈንኩት። ከምስማሮቹ ጀመርኩ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። እጄን የያዘኝ ሰው አልነበረም።

የመሸኛው ደብዳቤ ሦስት ፊርማ ያስፈልገው ነበር። ሁለቱ በዚያው ቀን ተፈረሙ። ሦስተኛው የሰብሳቢው ነው፤ ሰብሳቢው በማግሥቱ ለመስክ ሥራ ወረዳ ወጣ። መኪናው ጭቃ ይዞት ለአራት ቀን ቀረ። ሲመለስ አውሮፕላኑ በዝናብ ምክንያት አላረፈም። ሥዕሉ ጋምቤላን የለቀቀው ግንቦት 27 ቀን ነው።

መልሱ ሰኔ መጨረሻ ላይ መጣ፤ አንድ አንቀጽ ነበር። ሥዕሉ ከመዝጊያው ቀን በኋላ ስለደረሰ ለዳኞች አልቀረበም። አብሮ ተመልሷል።

ሰብሳቢው አልከፋውም። እንዲያውም ደስ ያለው መሰለኝ። ሥዕሉን ፍሬም አስገብቶ ኮሪደሩ ላይ፣ እኔ ከተቀመጥኩበት ቦታ ፊት ለፊት አሰቀለው። መስታወት ከተማው ውስጥ ስላልተገኘ ያለ መስታወት ተሰቀለ።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሽማግሌው ቤታችን መጡ። ሸሚዛቸው ታጥቧል፤ እርጥበቱ ገና አልወጣለትም። ሥዕሉ ትልቅ ቤት ውስጥ ተሰቅሏል ሲባል ሰምተዋል። ልናይ እንሂድ አሉኝ። አይሆንም የምልበት ምክንያት አልነበረኝም፤ መንገዱን ሙሉ ፈልጌ አጣሁ።

በረኛው አሳለፈን። ሽማግሌው ከሥዕሉ ፊት ቆመው በራሳቸው ቋንቋ ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ።

«ስድስት» አሉኝ።

«ስድስት።»

«እኔ የቱ ነው?»

«ከግራ የመጨረሻው።»

ቀረብ አሉ። «ይሄ ጫማ አለው።»

«ኮሚቴው ነው፣ አባባ።»

«ኮሚቴ ታንኳ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«መረቤስ?»

«ቦታ አልበቃም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይህንስ የተረዱት መሰለኝ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ታንኳው ጎን ወረደ፤ እዚያ ላይ ቆየ። እየጠበቅኩት ነበር።

«ቆርቆሮዬስ?»

«ከቀለሙ ሥር አለ» አልኩ። «እኔ ነኝ የሸፈንኩት።»

አላፈጠጡብኝም፤ አልተቆጡኝም። አውራ ጣታቸውን በምላሳቸው አረጠቡና ቡናማው ላይ አሳርፈው ማሸት ጀመሩ፤ ቀስ ብለው፣ አንድ ቦታ ላይ።

በረኛው ሮጦ መጣ። «ኧረ አባባ! ኧረ ተው! የመንግሥት ንብረት ነው እኮ!»

«የእኔ ነው» አሉት፤ ጣታቸውን ሳያነሱ።

በረኛው ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ ዝም ብለሽ ታያለሽ?»

ዝም ብዬ አየሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ከከተማው ስወጣ ለመጨረሻ ጊዜ በዚያ ኮሪደር አለፍኩ። ሥዕሉ አልወረደም። ስድስት ሰው፣ ስድስት መቅዘፊያ፣ ሰማያዊ ውሃ። በታንኳው ግራ ጎን ላይ አውራ ጣት የሚያህል ግራጫ ቦታ አለ፤ ውስጡ ሁለት ምስማር ይታያል።