ደቻቱ አሸዋ ላይ የጠፋው ድምፅ

ከሐረር የወጣነው ማለዳ ነው፤ አባባ፣ እኔና አሮጊቷ የጣሊያን ሥሪት መኪናችን። ጉዳያችን ድሬዳዋ ወርደን አንድ ድምፅ አሳድደን መያዝ ነበር።

ከመኪናዋ የሚወጣውን ድምፅ የሚሰማው አባባ ብቻ ነው። ቀጭን፣ የማያቋርጥ፣ «ጭርርር» የሚል ነው ይለናል። ዕድሜውን ባቡር ሲነዳ የኖረ ሰው ብረት ሲያለቅስ አይጠፋውም ብለን አመንነው። ጆሮው ደግሞ ስል ነው፤ ማታ ማታ በረንዳ ላይ ስንቀመጥ «ዘንድሮ ፌንጣው በዛ» ይላል፣ እማዬም «አዎ፣ በዛ» ትለዋለች።

«የጎማው ኩሽኔታ ነው» ብሎ ፈርዷል። «ኩሽኔታ ከተበላ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ይከዳል። ሳይገኝ እናትህን አልጭንባትም።»

እማዬ ግን መሄድ አለባት። እኅቴ እልፍነሽ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር፣ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። አውቶቡስ እማዬን ያጥወለውላታል። የገንፎውን ዱቄትና ቅቤውን ቋጥራ በር ላይ አስቀምጣ፣ እኛን እያየች ቀረች።

ቁልቁለቱ

ዓለማያ ስንደርስ ሐይቁ በጉም እንደተሸፈነ ነው። ውሃውና ሰማዩ አይለዩም፤ ወፎቹ በየትኛው ላይ እንዳሉ አላውቅም። አባባ መኪናዋን አቁሞ ጎማ ጎማውን ዳበሰና ተመለሰ።

ደንገጎ ላይ በየመታጠፊያው ጣቱን ያነሣል።

«ይኸው! ሰማህ?»

«አልሰማሁም፣ አባባ።»

«የዛሬ ልጆች! ጆሯችሁን ራዲዮ በላው።»

ወደ ታች በወረድን ቁጥር ሙቀቱ በመስኮት ይገባል። መጀመሪያ ኮቴን፣ ቀጥሎ ሹራቤን አወለቅሁ። ድሬ ከታች ነጭ ሆና፣ በሙቀቱ እየተርገበገበች ትታያለች። እንቅልፍ እየመጣብኝ ይሁን ከተማዋ እየተንሳፈፈች፣ ለመለየት አቃተኝ።

ቀፊራ ገበያ ገብተን ትኩስ ሳምቡሳ በሻይ በላን። እኔ አንድ ፓፓያ ጨመርኩ። አባባ ግን የጎረሰውን እንኳ በወጉ አላኘከም፤ ዓይኑ መኪናዋ ላይ ነው።

መጋላ

ጋሽ ዑመር በእንፋሎቱ ዘመን ለአባባ ባቡር እሳት ይማግድ የነበረ ሰው ነው። አሁን መጋላ ውስጥ ጋራዥ አለው። ኮፈኑን ከፈተ፣ ጎማዎቹን አንሥቶ አሽከረከረ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«አቦ፣ እዚህ ምን ይሰማል? ጋሪ፣ መዶሻ፣ የሰዉ ጫጫታ! ከምሳ በኋላ ድሬ ሲተኛ ደቻቱ ወንዝ እናወርዳታለን፤ አሁን ደረቅ ነው። አሸዋ ላይ ጎማ አይጮህም። እኔ ጭንቅ የሆነብኝን መኪና ሁሉ እዚያ ነው የማዳምጠው።»

እውነትም ከምሳ በኋላ ከተማው ተኛ። ሱቁ ተዘጋ፣ መንገዱ ባዶ ሆነ፤ ነፋሱ ሳይቀር ጥላ ፈልጎ የተቀመጠ ይመስላል። ወደ ደረቁ ወንዝ ወረድን። አባባ ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ጋሽ ዑመር ከኋላ ወለሉ ላይ ተኝቶ ጆሮውን ለጥፏል። መኪናዋ አሸዋው ላይ እንደ ጀልባ ትሄዳለች።

«የለም» አለ ጋሽ ዑመር።

«አለ እንጂ!»

«እስቲ ሞተሩን አጥፋው።»

አባባ አጠፋው። እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። አባባ ጣቱን አነሣ።

«ይኸው! አሁንም አለ!»

ያለውን ራሱ ሰማው። ጣቱ አየር ላይ ቀረ። ሞተሯ ጠፍቶ የቆመች መኪና ድምፅ እንደሌላት ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ፊቱን ላለማየት ወደ ተራራው ዞርኩ።

ጋሽ ዑመር ወርዶ አሸዋው ላይ ተቀመጠና ሳቀ።

«ኧረ አየለ፣ አንተንም ያዘህ? እኔ የሚሰማኝ የሚፈላ ውሃ ነው። እኔ ባቡሩን ተውኩት፣ እሱ ግን አልተወኝም። ሐኪሙ ጆሮህ ነው አለኝ።»

«ይድናል?»

«አይድንም። ይለመዳል፣ ወላሂ።»

አባባ ወርዶ አጠገቡ ተቀመጠ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንዱ ውሃውን ሌላው ያንን «ጭርርር» እያዳመጡ ቆዩ። እኔ ምንም አይሰማኝም፤ ብቸኝነት ተሰማኝ።

ስንመለስ እልፍነሽ ቤት ጎራ ብለን «ነገ እናትሽ ትመጣለች» አልናት። እጄን ይዛ አለቀሰች።

ቤት

እማዬ በር ላይ ጠበቀችን።

«ተገኘ?»

«ተገኘ» አለ አባባ ጆሮውን እየነካ። «ባቡሩ ነው። ጡረታ ስወጣ ይዤው ወጥቻለሁ ለካ። ፌንጣውም እሱ ነው።»

እሱ ሲገባ እማዬን ወደ ጎን ሳብ አደረግኋት።

«ፌንጣውን አንቺም ትሰሚው አልነበር እንዴ?»

«በበጋ የምን ፌንጣ አለ፣ ልጄ? የመኪናውም ድምፅ ያው የጆሮው መሆኑን አላወቅሁም እንጂ። አዎ የምለው ብቻውን እንዳይሰማው ብዬ ነው።»

ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርጄ ልማረው የሚገባኝ ነገር በረንዳችን ላይ ኖሯል። በማግስቱ እማዬን ከነቅቤዋ ጭነን ስንወርድ፣ ደንገጎ መታጠፊያ ላይ አባባ ጣቱን አነሣ፤ በመስታወቱ እያየኝ ፈገግ ይላል።

«ሰማህ?»

«አዎ፣ አባባ» አልኩት። «ዘንድሮ በዝቷል።»