ማር ያልነበረበት ጎጆ

ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ ጁባ ውስጥ ጉዴሌ በሚባለው ሰፈር፣ ከአቧራማው መንገድ ዳር ወላጆቼ በቆርቆሮ የሠሩት ምግብ ቤት ነበረን። ያኔ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ፋኖስ ይበራል፤ የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ በላይም ከከሰሉ ፍም አጠገብ ተቀምጠው ተረት ይነግሩኛል።

ዝናብ ሊገባ ሲል ከበሩ በላይ፣ ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር፣ ተናዳፊዎች ጎጆ ሠሩ። ደንበኛ ጠፍቶ ለሳምንታት ተክዘን ነበርና እናቴ ፊቷ በራ። «ንብ ደጅ ሲገባ ሲሳይ ነው፤ ማንም እንዳይነካብኝ!» አለች።

ጋሽ በላይ ግን አገር ቤት ሳሉ አንዴ ተነድፈው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ለጥቂት የተረፉ ሰው ነበሩ። የዚያን ምሽት ተረታቸው ንብን «ቤት አሠራር አስተምሪኝ» ብላ፣ ግድግዳውን እንደ ጨረሰች «በቃኝ፣ አወቅሁ» ብላ ስለ ሄደች ተርብ ሆነ።

«ማሩን ሳትማር ሄደች» አሉ፣ ዓይናቸውን ከበሩ ሳይነቅሉ። «ንብ ጠጉራም ናት። ተርብ ወገቧ በክር የታሰረ ይመስላል፤ ቤቷም እንደ አሮጌ ካርቶን ግራጫ ነው።»

እናቴ ሳቀች። «ጋሼ፣ ተረትዎን ለልጁ ይንገሩ፤ የኔን በረከት ተርብ ነው አይበሉብኝ!»

«እሺ፣ ቤቱ ያንቺ ነው። ግን ሲመሽ፣ ሁሉም ሲገቡ፣ ወንድሜ ወፍራም ልብስ ለብሶ ቢያነሳው ደግ ነበር።»

አባቴ ሁለቱንም አየና ከሰሉን ማራገብ ጀመረ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ውሃ ያመጣው ቦቴ ወደ ኋላ ሲመለስ ክፈፉን ገጨው። ጋሽ በላይ በሩ ላይ ነበሩ። ተነድፈው አንገታቸውን ይዘው ገቡ፤ ፊታቸው አበጠ፤ ድምፃቸው ጠፋ። አባቴ ቦዳ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ ደግፎ ይዟቸው በረረ፤ ክሊኒክ ሳይደርሱ አረፉ።

ከቀብሩ በኋላ አባቴ ወንድሙ እንዳሉት አደረገ፤ አመሻሽ ላይ ኮት ደርቦ፣ ፊቱን ሸፍኖ፣ በጢስ አደንዝዞ ጎጆውን አወረደው። በማግስቱ እናቴ ባዶውን ጎጆ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቀዳዳውን ሁሉ በጥፍሯ ከፈተች። ማር ስትፈልግ መሰለኝ፤ ተሳስቼም ይሆናል፤ ጠይቄያት አላውቅም።

ዛሬ አዲስ ቤት ስገባ አስቀድሜ የማየው ክፈፉን ነው፤ የተናዳፊዎችን ወገብ ሳላይም ስማቸውን አልጠራም። የፋኖሱ ብርሃን፣ የፍሙ ሙቀት፣ የጋሽ በላይ ድምፅ ሳይቀር ደብዝዘውብኛል። ጥርት ብሎ የቀረኝ ደረቁን ግራጫ ቤት የሚፍቀው የእናቴ ጥፍር ነው።