ለአንድ ሰው ብቻ የሚነገር ቃል

ከደጋው አገሬ ከኦቾሎ የወረድኩበትን ቀን በትክክል አላስታውስም። ገብሱ ታጭዶ ነበር ወይስ ገና፣ እሱንም እንጃ። የማስታውሰው፣ ሚስቴ ወርቅነሽ ከተቀበረች ወዲህ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ «እጇን ይዞ ሸኛት፤ የታደለች!» እያለ ሲያመሰግነኝ መክረሙን ነው። አንድ ጠዋት የሽመና ዕቃዬን እንደተወጠረ ትቼ፣ ቤቴን ቆልፌ፣ ምስጋናውን ሸሽቼ ወረድኩ።

ከላይ ሆነን ስናያት አርባ ምንጭ ቅርብ ትመስላለች። አትታለሉ፤ ሌላ አገር ናት። እናንተ ደጋ ያላችሁ ጉም ውስጥ ገብስ ስትቆረጥሙ፣ እዚህ ሰዉ እያላበው ሙዝና ዓሣ ይበላል። ጋቢዬን ከመጣሁ ጀምሮ የለበሰው አልጋው ነው።

አከራዬ ወይዘሮ አስቴር የመጀመሪያ ቀን መረመሩኝ።

«አባባ፣ ይጠጣሉ?»

«አልጠጣም።»

«ከሰው ይጣላሉ?»

«አልጣላም።»

«ታዲያ ምን ሆነው ነው ከአገርዎ የወጡት?»

ቁልፉን ተቀብዬ ገባሁ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ዳጣውን በማንኪያ ስበላ አገኙኝ። ያ በርበሬ ጎረምሳ ያስለቅሳል፤ እኔን ግን ምንም አላለኝም። «ኧረ አባባ! ሰው ያጠቅስበታል እንጂ እንደ ሾርባ ይጠጣዋል? ቤቴ ውስጥ እንዳይሞቱብኝ!» ብለው እየጎተቱ ሆስፒታል ወሰዱኝ። እዚያ አእምሮ የምታክም አንዲት ልጅ ዘንድ ገባሁ።

«እንዴት ነዎት?» ስትለኝ «እግዚአብሔር ይመስገን»፤ ስለ ሚስቴ ስትጠይቀኝ «እጇን ይዤ ሸኘኋት»። ሦስት ቀጠሮ እንዲሁ አለፈ። አፌ ለምዶታል።

በሦስተኛው «አባባ፣ የከበደዎት ነገር ካለ ይንገሩኝ። እዚህ የተነገረ ከዚህ ክፍል አይወጣም» አለች።

እንግዲያው ምን ይረባል? አልኩ በሆዴ። በእኛ አገር ነውሩን የደበቀ ሰው ጎሜ የሚሉት እርግማን ይይዘዋል፤ የሚለቀውም ዱቡሻ ላይ፣ ሽማግሌና ጎረቤት በተሰበሰበበት አደባባይ፣ አውጥቶ ሲናገር ነው። ስንቱን እኔው ራሴ እዚያ አናዝዣለሁ! በሚቀጥለው ቀጠሮ ወይዘሮ አስቴርን፣ ዘበኛውንና ወረፋ የሚጠብቁ ሁለት ሴቶች አስከትዬ ገባሁ።

«እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው?»

«ሰሚዎች።»

«አባባ፣ እዚህ እኮ ምሥጢር ነው!»

«ምሥጢርማ አለኝ። እሱ አይደል የያዘኝ?»

ዘበኛው «እኔ ልቀመጥ ወይስ ልቁም?» አለ።

ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሁሉንም በትሕትና ሸኘቻቸው። ከዚያ «ይህን ቃል መስማት የሚገባው ማን ነው?» አለችኝ።

«የወርቅነሽ እህት።»

«እስቲ መጀመሪያ ለእኔ ይሞክሩት።»

ሞከርኩት። ወርቅነሽ ከጓዳ «ና» ብላ ጠርታኝ ነበር። የምሸምነው ጥለት ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶት ስለነበር «ልጨርስና» አልኳት። ጨርሼ ስገባ ትንፋሿ የለም። የያዝኩት የሞተ እጅ ነው። ይህን ስናገር ስለ ዝናብ የማወራ ነበር የምመስለው።

ልጅቷ ስልኬን ተቀብላ ደወለችልኝ። ለወርቅነሽ እህትም ያንኑ አልኩ።

«አውቃለሁ» አለች። «እኔ አጥሩ ሥር ነበርኩ። የሽመና መወርወሪያህ ድምፅ ቆመ፣ ወዲያው እሪ አልክ። መቼ እጇን ያዝክ?»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ቃሉ ያንተ ነዋ፣ ወንድሜ። ና፤ ዱቡሻ ላይ ተናገረው።»

እስካሁን አልሄድኩም። እንባም አልመጣም፤ ዳጣውም አያቃጥለኝም። ያን ቀን ግን ስልኩ እስኪዘጋ፣ ከተዘጋም በኋላ፣ እጄን ይዛ የቆየችው ያቺ ሐኪም ልጅ ስሟ ዘነበች ነው።