አንዴ ከጠራ ደህና ነኝ

ከጠረጴዛዬ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ አንድ ጥቁር የብረት ሳጥን ተሰቅሏል። ውስጡ ስዊች የሚሉት ዕቃ አለ፤ የኮሌጃችን ኮምፒውተሮች ገመድ ሁሉ እዚያ ላይ ነው የሚሰካው። ሬጅስትራር ቢሮ ተቀምጬ በቆየሁባቸው አሥራ አንድ ዓመታት የዚህን ሳጥን ያህል የጠላሁት ነገር የለም። ሳጥኑ በታመመ ቁጥር ለሊሳ ይመጣል፤ ለሊሳ ሲመጣ መሰላሉ ይመጣል፤ መሰላሉ ሲመጣ የእኔ ፋይሎች ወለል ላይ ይወርዳሉ። እኔም አፌ አያርፍም፣ እጮህበታለሁ። እሱ ግን "እሺ እትዬ ሶፍያ" ብሎ ይወጣል።

ለሊሳ ጉታ የኮሌጁ የኔትወርክ ባለሙያ ነው። እንጦጦ ሥር፣ ቁስቋም ተወልዶ ያደገ፣ ሠላሳ አራት ዓመት የሞላው፣ ቀጭንና ዝምተኛ ልጅ። መቼ ነው የምታገባው ስለው "ኔትወርኩ ሲስተካከል" ይለኛል። እናቱ ካረፉ ወዲህ በዚህ ዓለም ላይ የቀሩለት አባቱ ብቻ ነበሩ። ጋሽ ጉታ የእንጦጦን ደን ሠላሳ ዓመት ጠብቀው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ልጃቸው ሽሮ ሜዳ ቤት ተከራይቶ አብረን እንኑር ቢላቸው "ዛፎቹን ለማን ጥዬ" ብለው ንቅንቅ አላሉም። ስኳር በሽታ ስላለባቸው ጠዋት ጠዋት ስኳር የሚያወርድ መርፌ ይወጋሉ።

እናም አንድ ውል ነበራቸው። ጋሽ ጉታ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ለልጃቸው ሚስኮል ያደርጋሉ። ስልኩ አንዴ ጠርቶ ዝም ይላል፤ ለሊሳም ፈገግ ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ቢሮ ውስጥ ይህን የማያውቅ አልነበረም። ስልኩ ጥርር ሲል ጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ "ጋሽ ጉታ ደህና አደሩ" ትል ነበር።

አንድ ቀን ከሆስፒታል ሲመለሱ ልጃቸውን ሊያዩ ቢሮዬ ገቡ። ወንበሬን ለቅቄ አስቀመጥኳቸው። ለሊሳ መሰላል ላይ ነበር፤ አዲስ የሚገጥመውን ነገር ሊያስረዳቸው ሞከረ። ስዊቹን ሄዶ ማየት ሳያስፈልገው፣ ሳጥኑ ጭነቱን ራሱ እየለካ እንዲጠራው ሊያደርገው ነው። አባቱ አልገባቸውም። ያኔ ወረደና ኪሳቸው ውስጥ ያለውን የስኳር መለኪያ አወጣ።

"ይኸውልህ አባዬ፣ ሐኪሙ ከዚህ በላይ ሲሆን ተጠንቀቅ፣ ከዚህ በታች ሲሆን ቶሎ ስኳር ላስ ብሎሃል አይደል? ለዚህም ሳጥን ላይኛና ታችኛ ልክ እሰጠዋለሁ። ካለፈ ይጠራኛል።"

"መሃል ላይ ሲሆንስ?"

"ዝም ይላል።"

"ብልህ ነው" አሉ ጋሽ ጉታ ወደ እኔ ዞር ብለው። "ሰው እንኳ እንደሱ አይደለም።" እኔን መሆኑ ገብቶኛል። ከዚያ ስልካቸውን አወጡ። "የእኔና የሱም እንደዚያው ነው የኔ ልጅ። አንዴ ከጠራ ደህና ነኝ። ካላቆመ ግን ይነሳ።"

ይህን የተናገሩት ለእኔ ነው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ነገሩ የሆነው ከዚያ በኋላ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ነሐሴ ስምንት ቀን ነው። ዝናቡ ከእንጦጦ ቁልቁል ይወርዳል፤ የአዲስ ተማሪዎች ምዝገባ ተጀምሮ ቢሮው ተጨናንቋል። ለሊሳ ያን መቆጣጠሪያ ምዝገባው ሳይጀመር ጨርሶ መቆየት ነበረበት፤ ዕቃው ዘግይቶ ገብቶ ለዚያ ጠዋት ደረሰ። ዲኑ ደግሞ በር ላይ ቆመው "ኔትወርኩ ትንሽ ዝቅ ሲል እንኳ ልወቅ" አሉ። አለቃ ካለ አለ ነው። ለሊሳ ላይኛውን የጭነት ልክ ከመቶ ሰማንያ፣ ታችኛውን ሰባ ዘጠኝ ላይ አደረገው። እንዲህ ሊቀራረቡ እንደማይገባ ያውቅ ነበር፤ በኋላ ራሱ ነግሮኛል። ለዲኑ ግን እንቢ አላለም።

ሳጥኑ በየሠላሳ ሰከንዱ ይለካል። የምዝገባው ጭነት ሰማንያ ላይ ከፍ ዝቅ ሲል በተለካ ቁጥር ልኩን ያልፋል፣ ባለፈ ቁጥር የለሊሳ ስልክ ላይ መልእክት ይገባል። ስልኩ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ እሱ መሰላል ላይ። ጢው። ጢው። ጢው። እሱ በጥድፊያው ልኩን ረስቶ የእውነት አንድ ገመድ የተበላሸ መስሎት ገመዶቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ይቀይራል። ፊቴ የተሰለፉት ተማሪዎች ይሳሳቃሉ። እኔ ሦስት ጊዜ ስም ተሳስቼ ጻፍኩ።

"አንተ ሰውዬ፣ ይህን ስልክ አፉን አትዘጋልኝም?" አልኩት።

"ይቅርታ እትዬ።" ወረደ፣ ድምፁን አጠፋ፣ መልሶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠውና መሰላሉ ላይ ወጣ።

ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ስልኩ በራ። "አባዬ" ይላል።

"አባትህ ናቸው" አልኩት።

"ደህና አደረ ማለት ነው" አለኝ ከላይ፣ ፊቱን ሳያዞር። ስክሩውን በጥርሱ ይዞ ነበር።

እሱ ያላየውን ልናገር። ስልኩ ጠፍቶ እንደገና በራ። አሁንም "አባዬ"። አይቼዋለሁ። ድምፅ የሌለው ጥሪ አንድ ይሁን አሥር አይቆጠርም፤ ያው የቅድሙ መሰለኝ፣ ወይም እንዲመስለኝ ፈለግሁ። አንዲት ልጅ ስሟን እያስጻፈችኝ ነበር፤ ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ። ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

አምስት ሰዓት ላይ ለሊሳ ወርዶ እጁን ጠረገ፣ ስልኩን አነሳ። ከመልእክቶቹ መዓት በላይ ስድስት ያልተነሱ ጥሪዎች አሉ። ሁሉም ከአባቱ። የመጨረሻው ሦስት ሰዓት ከስምንት።  ደወለ፤ አይነሳም። እንደገና ደወለ። ከዚያ ጃኬቱን እንኳ ሳያነሳ በዝናቡ ወጣ።

የቀረውን የነገረችኝ ጎረቤታቸው አይሻ ናት፤ ከግቢያቸው ፊት ለፊት ሱቅ አላት። ጋሽ ጉታ ያን ጠዋት እንደ ልማዳቸው መርፌያቸውን ወግተው፣ ውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ሰምተው ተመለሱ። እህል ግን አልቀመሱም። የንስሐ አባታቸው ብላ ብለዋቸው ነበር፤ ሐኪሙም ተቆጥቷቸው ነበር። እሳቸው ግን "ለእመቤታችን አሥራ አምስት ቀን ያቅተኛል?" ይሉ ነበር። በራቸው ዝግ ስለነበር አይሻ የደከማቸው፣ የተኙ መሰላት። ለሊሳ በሩን ገፍቶ ሲገባ መሬት ላይ ወድቀው አገኛቸው። ስልኩ እጃቸው ውስጥ ነበር። የስኳር ጣሳው መደርደሪያው ላይ ነው፤ ሁለት እርምጃ አይሆንም።

ሆስፒታል ሲደርሱ አልፈዋል። ወጣቱ ሐኪም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዝም ብሎ የሚያውቀውን ተናገረ። "ትንሽ ቀደም ብሎ አንድ ሰው ጣፋጭ ሻይ ቢሰጣቸው ኖሮ" አለ። ለሊሳ ይህን ለቅሶ ቤት ለመጣው ሰው ሁሉ ደገመው። ሰዉም "የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ እግዜር ያለው ነው" ይለዋል። እኔ ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀምጬ "እግዜር ያለው ነው" አላልኩም። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ አለቀስኩ።

ሥራ የተመለሰ ቀን መጀመሪያ ያደረገው መሰላሉን ማምጣት ነው። ፋይሎቼን ራሴ አነሳሁለት። ታችኛውን ልክ ከሰባ ዘጠኝ ወደ አምሳ አወረደው፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ከዚያ ወዲህ ሳጥኑ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የተጣራው፤ ሦስቱም የእውነት ነበሩ። ዲኑ በስብሰባ ላይ አመሰገኑት። እሱ መሬት መሬት ያይ ነበር።

አሁን ማንም ሚስኮል ቢያደርግለት ከመጀመሪያው ጥሪ ያነሳል። "ሂሳቤን በላህብኝ" ብለው የሚስቁበት አሉ። አሮጌውን ስልኩን ሲሙን አውጥቶ መሳቢያው ውስጥ ቆልፎበታል። አዲስ ጥሪ በገባ ቁጥር የድሮው ወደ ታች እየተገፋ መጨረሻ ላይ ይጠፋል፤ እነዚያ ስድስቱ እንዲጠፉበት አይፈልግም።

አንድ ቀን ሻይ ይዤለት ሄድኩ። ልነግረው ነበር፤ ሌሊቱን ቃሉን ስደረድር ነው ያደርኩት። ብርጭቆውን ተቀብሎ ቀና ብሎ አየኝ።

"እትዬ፣ ሁሌ አስበዋለሁ" አለኝ። "ድምፁን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ያልወረድኩት እኔ ነኝ። አንቺስ አባትህ ናቸው ብለሽ ነግረሽኝ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።"

"ሻይህ ሳይቀዘቅዝ ጠጣ" አልኩት። በየቀኑ ሲጮህበት የኖረው አፌ ይህን ብቻ አወጣ።

"አንድ ነገር ላስቸግርሽ" አለ ቀጥሎ። "አሁን ማንም የለኝም። እሁድ እሁድ ሥራ የለም፤ ብወድቅም እስከ ሰኞ የሚያውቅልኝ የለም። ጠዋት አንዴ ብቻ ልደውልልሽ? አታንሺው።"

እሺ አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

ስልኩን የገለበጥኩት እኔ መሆኔን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። እሁድ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ስልኬን ድምፁን ከፍ አድርጌ፣ በሁለት እጄ ይዤ አልጋዬ ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። ይጠራል። እስኪያቆም ድረስ አልተነፍስም።