ድጋፉ ያበቃ ኮምፒውተር

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ በየጠዋቱ ሳያሰልስ የሚያነጋግረኝ የእሱ ኮምፒውተር ነው። ገና ስከፍተው «የዚህ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ድጋፍ አብቅቷል፤ ወደ አዲሱ ይቀይሩ» ይለኛል። መልእክቱን አጠፋዋለሁ። እንደ ጣና እምቦጭ ነው፤ ጠዋት የነቀሉት ማታ ተመልሶ ይንሳፈፋል። ሲበዛብኝ «ድጋፍ የተቋረጠባትስ እኔ ነኝ፤ አንተ ምን ሆንህ?» ብዬው አውቃለሁ።

ለልቅሶ የመጡት ሰዎች አብዛኞቹ ከአርባው በኋላ ተበተኑ። ስለ ኮምፒውተሩ የሚመክሩኝ ግን እስከ ሙት ዓመቱ አላለቁም። ባለቤቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነበር። በሰፈራችን እድር ሰው ሲሞት ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የሚጽፈው እሱ ነበር። ሃያ ዓመት ጻፈ። እውነቱን ለመናገር አንድ ጊዜ ጻፈና ሃያ ዓመት ስም ቀየረ። በእሱ እጅ ያለፈ ሁሉ ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነው። አጥር እየገፋ የጎረቤቱን ቦታ የበላው ሳይቀር ለተቸገረ ደራሽ ሆኖ ተቀብሯል።

አንድ ጊዜ ሰባታሚት በሚባለው ሰፈር የአንድ እህል ነጋዴ ቀብር ነበር። ከእሳቸው በፊት የሞተው ዓሣ አስጋሪ ነበርና ባለቤቴ ስሙን ቀይሮ አንዷን መስመር ረሳት። «ዕድሜያቸውን በጣና ማዕበል ላይ ያሳለፉ» ተብሎ ተነበበ። ሰውዬው ሐይቅ ሊገቡ ቀርቶ ጀልባ ሲያዩ ፊታቸውን የሚያዞሩ ነበሩ። ለቀስተኛው ግን አለቀሰ። ከሁሉ አብልጠው ሚስታቸው አለቀሱ።

እሱ ሲሞት ያነበቡለትም ያንኑ ነው። ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ። ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ቆምሁ። ሰዉ የማለቅስ መስሎት ነበር፤ እኔ ግን ተናድጄ ነበር። ለሙት ዓመቱ አንድ እንኳ እውነተኛ ነገር ይነበብለት ብዬ ወረቀት ይዤ ተቀመጥሁ። ስንት ቀን ተቀመጥሁ! «ደግ» ከምትለው ቃል ማለፍ አቃተኝ።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ የእድሩ ዳኛ መጡ።

«እህቴ፣ ማሽኑ ይታደስ እንጂ። አንድ ቀን እንቢ ቢልስ? ያለ ታሪክ ልንቀበር ነው እኮ!»

«አይስጉ ጋሼ፤ የእርስዎን በቃሌ እወጣዋለሁ» አልኋቸው።

መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ጎልማሳም ይዘው መጥተዋል። ማሽኑን ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ሞቷል።»

«ታዲያ ጥሩምባ ይነፋለታ!»

ዳኛው ሳቁ፤ ጠጋኙ አልሳቀም። አዲሱ ሲስተም ሲገባ ባለቤቴ የሚጠቀምበት የድሮ የአማርኛ መጻፊያ እንደማይሠራ፣ በእሱ የተጻፈው ሁሉ ቀለም የነካው ጉንዳን የሄደበት ወረቀት እንደሚመስል አስረዳኝ። የእሱ ሱቅ ማሽኖችም አያነቡትም። ካልታደሰ ደግሞ ቫይረስ ይበላዋል።

«ምን ቸገረን?» አሉ ዳኛው። «አንዱን በእጃችን እንገልብጠው። የሌላው ልዩነት ስሙ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ቢሆንም አንድ ሳምንት ስጡኝ አልሁ።

በዚያ ሳምንት መብራት በመጣ ቁጥር የሟቾቹን ታሪክ አንድ በአንድ ከፈትሁ። ደግ፣ ደግ፣ ደግ። መጨረሻው ላይ የራሴን ስም አገኘሁ። ለካ ባለቤቴ ሰው ሲታመም አስቀድሞ የመጻፍ ልማድ ነበረው፤ ኋላ እንዳይጣደፍ ነው። እኔ የስኳር በሽተኛ ነኝ፤ ቀድማኝ ትሄዳለች ብሎ ኖሯል። እሱ እቴ!

«ደግ ነበረች የሚል ካለ አላወቃትም» ይላል። «በሠላሳ ዓመት አንድ ክርክር አልተሸነፈችም። ወጥ ላይ ጨው ታበዛለች፤ ሲነግሯት ሁለት ቀን ታኮርፋለች። መጽሐፍ ከያዘች ቤቱ ቢቃጠል አትሰማም። እኔ ግን ከሐይቁ ዳር ስመለስ የመስኮቷን መብራት ከመንገዱ ላይ ካላየሁ እግሬ አልራመድ ይለኛል።»

መጀመሪያ በጨው ነገር ተቆጣሁ። ሳይቀምስ ጨው የሚጨምረው እሱ ነበር! ክርክርስ? አንድ ቀን «ልክ ነሽ» ሲል የሰማሁት ሐኪም ፊት ነው። ለማኩረፍማ ማን ይደርስበታል? እንዲህ ከማሽኑ ጋር ስሟገት ቆየሁና፣ እያንዳንዷ ቃል ለእሱ ልክ መሆኗን አየሁ።

ወረቀት አምጥቼ ቀስ እያልሁ ገለበጥሁት። እጄ ፈጣን አይደለም፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በእሱ ዘዴ ስሜን በስሙ ቀየርሁ፤ እሷን እሱ አደረግሁ። የመብራቷን መስመር ግን ለብቻ ወረቀት ጻፍኋትና ለማንም አልሰጠኋትም።

በሙት ዓመቱ ዕለት ዳኛው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። «ወጥ ላይ ጨው ያበዛል» ሲሉ ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። አንድ የድሮ ባልደረባው ዓይኑን እየጠረገ «አዎ፣ እሱ ነው!» አለ። ዳኛው ግን አልተዋጠላቸውም፤ ሲጨርሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ለተቸገረም ደራሽ ነበር» ብለው ከራሳቸው ጨመሩበት። ተውኋቸው።

በማግሥቱ ጠጋኙን ጠርቼ «አሁን ቀይረው» አልሁት። ግማሽ ቀን ወሰደበት። አዲሱ ሲከፈት ስለ ድጋፍ ምንም አላለኝም፤ በመጀመሪያ የጠየቀኝ ስሜን ነው።

የእሱን ጻፍሁ።